ለቀጣዩ ቤት የተተወ የጡብ ጥርስ

ላቪንያ ጎዳና፣ ቁጥር 61፣ ራምስክላፍ
መጋቢት 6 ቀን 1881

ለተወደድሽው እህቴ ለዚላ ኦርመሮድ፣ ቦምቤይ፤

በመካከላችን ስንት ባሕር ቢኖርም ሁላችንም ከአንድ እጅ የምንመገብ ነንና፣ ያው እጅ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ባለፈው ዓመት በባዕድ ምድር የቀበርሽውን ባልሽን ሉክን ነፍሱን ያሳርፍልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ። እኔ ስሙ ይመስገንና ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል።

ትምህርቴ የሰንበት ትምህርት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ፣ ግድግዳው ግን ቀጥ ያለ ነው ብለሽ እለፊው።

ይህን የምጽፍልሽ ከአዲስ ቤት ነው። አንቺና ኤስተር ያደጋችሁበትን፣ እኔም ኤስተርን አግብቼ የገባሁበትን ፒክልስ ግቢን ለቅቄያለሁ። ያንን ምድር ቤት አስታውሺው፤ ለግቢው ሁሉ አንድ የውሃ መሳቢያ፣ ለግቢው ሁሉ አንድ ሽንት ቤት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን። እህትሽን የወሰዳት ትኩሳት ከዚያ ውሃ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ያሉት ግን ከቀበርናት በኋላ ነው።

አሁን ከተማው አዲስ ደንብ አውጥቷል። ከእንግዲህ እንደዚያ ያለ ቤት መሥራት አይቻልም። ሚስተር ሆልሮይድ የሚባለው ሥራ ተቋራጭ ከፋብሪካው በላይ ባለው ዳገት ላይ አንድ ረጅም ተርታ አስነሥቷል፤ በልጁ ስም ላቪንያ ጎዳና ብሎታል። ግንቡን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ። ዚላ፣ ብታዪው! እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጓሮ፣ የራሱ ሽንት ቤት፣ በስተኋላ ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ አለው። መስኮቱ ፊትና ኋላ ስለሆነ ነፋስ እንደ እንግዳ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጎዳናው ሰፊ ስለሆነ ፀሐይዋ ጠዋት በኛ በኩል፣ ከሰዓት በወዲያኛው በኩል ተራ ጠብቃ ትገባለች። በየበሩ አናት አንድ አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። ለሠራተኛ ሰው በር ጥርብ ድንጋይ! አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ ከታች ቆሜ ሳየው፣ የሰው ልጅ ለሰው ልጅ እንዲህ ማሰብ ይችል ነበር ለካ እላለሁ።

የገባሁ ቀን የጓዳውን ቧንቧ ከፈትሁት። ውሃው ወረደ። ኤስተር በባልዲ ስትሸከም የኖረችው ውሃ፣ በአንድ ጣት። የጎረቤቴ የአብነር ክሌግ ሚስት እማማ ናንሲ ዳቦ ይዛልኝ ገብታ አየችኝና፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሚፈሰው ቧንቧው ነው፣ አንተ ለምን ትፈሳለህ?" አለችኝ። ሳቅሁ። አሁንም ግን ቧንቧውን በከፈትሁ ቁጥር ለመጀመሪያው ኩባያ ስሟን እጠራለሁ።

የኔ ቤት የተርታው የመጨረሻ ነው፤ ለጊዜው። ግንበኛ ሥራውን ለመቀጠል አስቦ ሲያቆም የዳሩን ግድግዳ አያለሰልሰውም። አንዱን ጡብ አውጥቶ፣ አንዱን አስገብቶ ይተወዋል። ጥርስ እንለዋለን። ቀጣዩ ቤት ሲመጣ በዚያ ጥርስ ይነካከስና ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። የኔ ቤት እነሆ ጥርሱን አውጥቶ ቁጥር 63ን ይጠብቃል። ሚስተር ሆልሮይድ ቀኑ ሲረዝም እንጀምረዋለን ብሏል።

ሉክ ካረፈ በኋላ በዚያ ምን እንደሚያቆይሽ አላውቅም። አልገፋፋሽም። ቁጥሩን ብቻ ነገርሁሽ።

ወንድምሽ ጄቤዝ አስፒናል


ቦምቤይ፣ የፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር
ግንቦት 2 ቀን 1881

ወንድሜ ጄቤዝ፤

ከውሃ ጥምና ከሰው ምላስ የሚያድን አምላክ አንተንም ይጠብቅህ፤ እኔን እስካሁን ከመጀመሪያው አድኖኛል። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብሁት። አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለኤስተር፣ አንዴ ደግሞ ለመሳቅ። አዎ፣ ለመሳቅ! አንተ ሰው ስለ ጡብ ስትናገር ሌላው ሰው ስለ ልጁ እንደሚናገረው ነው።

አንድ ከዚህ በሥራ ወደ እናንተ ደርሶ የመጣ ሰው ስለዚያ ጎዳናችሁ ነግሮኛል። "መቶ ቤት፣ አንድ ፊት" አለ። እውነት ነው? መቶ በር፣ መቶ መስኮት፣ ሁሉም እንደ አንድ ጣቃ ጨርቅ ተቆርጦ? ሸማኔ ነኝና ልንገርህ፤ ጥለት የሌለው ጨርቅ ለከፈን ነው የሚሆነው።

እዚህም ለፋብሪካው ሰዎች ቤት እየተሠራ ነው። ከፍ ያለ፣ ፎቅ በፎቅ፣ በፊቱ ረጅም ሰገነት ያለው፤ በአንድ ክፍል ስምንት ሰው ያድራል። ሴቶቹ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር እቀመጣለሁ። ቋንቋቸውን በደንብ ባልይዘውም ስለ ቧንቧ ሲጣሉ ግን ሁሉም ይገባኛል። ሰው የትም ሰው ነው።

አሁን ቁም ነገሩን። ሉክ ከሞተ ወዲህ የምኖርበት ክፍል ፋብሪካው ለተቆጣጣሪነቱ የሰጠው ነው፤ አንድ ቀን ለሌላ ተቆጣጣሪ ይፈለጋል። መምጣት እፈልጋለሁ። በሽመናም ራሴን አኖራለሁ፤ እጄ ገና አልሰነፈም። ነገር ግን ካንተ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አልገባም። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ የሟች ሚስቱን እህት ማግባት ለሰው አልተፈቀደለትም፣ ሳያገባ አብሯት ቢኖር ደግሞ ጸሎት ቤቱ አንተን፣ ሰፈሩ እኔን ይበላል። የራሴ ቁልፍ ያለው የራሴ በር ካለ እመጣለሁ። ካለ ብቻ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ልሁን እንግዲህ።

ቁጥር 63 መጀመሩን ንገረኝ። የመስኮቱንም ልክ ላክልኝ፤ እዚህ ጨርቅ ርካሽ ነው፣ መጋረጃ እሰፋለሁ።

እህትህ ዚላ


ራምስክላፍ
ሐምሌ 10 ቀን 1881

የተወደድሽ እህቴ ዚላ፤

ያነበብሁት ደብዳቤሽ ያሳቀኝን ያህል አንቺንም ደስታ አያሳጣሽ። እኔና ወገቤ ደህና ነን።

በደብዳቤው ውስጥ አንድ ሲባጎ ታገኛለሽ። ጡብ የምንደረድርበት የኔው ሲባጎ ነው። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የመስኮቱ ስፋት፣ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ ቁመቱ ነው። የለካሁት የራሴን መስኮት ነው፤ ያንቺው ገና አልተወለደም። ልኩ ግን ያው ነው። አንድ ፊት ናቸው ብለሽ ስቀሽ የለ? እዪ እንግዲህ፣ አንድ ፊት ባይሆኑ ኖሮ ገና ላልቆመ ቤት ማን መጋረጃ ይሰፋ ነበር?

ግን ልክ ነሽ፤ መመሳሰሉ አንዳንዴ ያሳስታል። ይህን ስሚኝ። ባለፈው ጭጋጉ ከፋብሪካው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ እጅና ጣት አያሳይም ነበር። ከጸሎት መልስ በሬን ከፍቼ ስገባ፣ አያ አብነር ክሌግ ከምድጃዬ አጠገብ ተቀምጧል። የእንጨት ጫማውን አውልቆ፣ ለራቴ የተውሁትን የበግና የድንች ድስት ጭኑ ላይ አድርጎ አጋምሶታል።

"ደህና ገባህ?" አለኝ ቀና ሳይል።

"እኔ ደህና ገባሁ። አንተስ እንዴት ገባህ?"

"ሰው በገዛ ቤቱ እንዴት ይገባል? በበሩ ነዋ! ናንሲን ፈልገህ ከሆነ የለችም። አስቀምጣልኝ የሄደችውን ድስት ደግሞ ቅመሰው፣ ጨው አብዝታበታለች።"

"አያ አብነር፣ ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ።"

ማንኪያውን ቀስ አድርጎ አወረደ። ወንበሩን አየ። ሰዓቱን አየ። "ያንተ ቤት ነው?"

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው ያ ድመት ያንተ ነው? ከገባሁ ጀምሮ ከወንበሩ ሥር ውጣ ብለው አልሰማም ብሎኛል።"

ጎንበስ ብዬ አነሣሁለት። የሥራ ኮፍያዬ ነው።

ይህን ጊዜ ግድግዳው ተንኳኳ። እኛ ዘንድ ያለውን ልማድ ሳትረሺው አትቀሪም፤ የሁለቱ ቤት ምድጃ በአንድ ግድግዳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ፣ ሴቶቹ በእሳት መቆስቆሻ ብረት የምድጃውን ጀርባ መታ መታ ያደርጋሉ። ሁለት ጊዜ ከሆነ "ደህና ናችሁ?" ነው፤ ሁለት ተመትቶ ይመለሳል። ሦስት ከሆነ "ኑ" ነው። እማማ ናንሲ ሦስት መታች።

"እኔን ነው የምትፈልገው" አለ አብነር ድስቱን መልሶ እያነሣ። "የለም በላት፤ ትንሽ ነው የቀረኝ።"

በማግሥቱ ማለዳ እማማ ናንሲ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የበሯን ደፍ በነጭ ማጽጃ ድንጋይ ስታሸው ዳር ዳሩን ነጭ ሐረግ ሣለችበት። "ከእንግዲህ ይህን ረግጦ የሰው ቤት ከገባ ስሕተት አይባልም፣ ሆድ ነው!" አለች። ሌሎቹ ሴቶች አይተው እየቀኑ ሣሉ፤ አሁን በጎዳናው ሁሉ ሁለት አንድ ዓይነት ደጃፍ የለም። አንዷ ሰንሰለት፣ አንዷ ማዕበል፣ አንዷ የወፍ እግር። ዝናብ ያጥበዋል፤ ይሥሉታል። ጥለቱን የሚሠሩት የሚኖሩበት ሰዎች ናቸው ዚላ። እኛ ግንበኞች ጣቃውን ብቻ ነው የዘረጋነው።

የቁጥር 63 መሠረት ልኩ ተተክሏል። ችካሉን በዓይኔ አየሁት።

ወንድምሽ ጄቤዝ


ቦምቤይ
መስከረም 20 ቀን 1881

ወንድሜ ጄቤዝ፤

መዘግየቴን ይቅር በለኝ፤ የዚህ አገር ክረምት የሰማይ ቧንቧ ተከፍቶ ቁልፉ የጠፋ ያህል ነው። የዓመቱ ዝናብ እስኪያልፍ መንገዱም ሰውም ተዘግቶ ነበር። አንተንና እነ አያ አብነርን ከነድመታቸው እግዜር ይባርካችሁ። ታሪኩን ለሰገነቱ ሴቶች በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው። ከመሳቃቸው የተነሣ ሩዙ ተደፋ።

መጋረጃውን ጀምሬያለሁ። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ቀይ ሐረግ አለው። ሲባጎህን ጨርቁ ላይ ስዘረጋ ከእጅህ የተረፈ ኖራ ጨርቁ ላይ ቀረ። አላራገፍሁትም።

የደጃፌን ሥዕል ግን ገና አልወሰንሁም።

ለፋብሪካው ነግሬያለሁ። ክፍሉን ለአዲሱ ተቆጣጣሪ ቤተሰብ እለቃለሁ፤ በጥር መጀመሪያ በሚነሣው መርከብ ቦታ ይዣለሁ። እንግዲህ መመለሻ የለኝም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የሸማኔ እንጂ የግንበኛ አይደለምና አትሳቅብኝ። ባንተና በኔ ቤት መካከል የሚሆነው ግድግዳ ውፍረቱ ምን ያህል ነው? ሰው በአንዱ ቤት ሲዘምር በሌላው ይሰማል?

እህትህ ዚላ


ራምስክላፍ
ኅዳር 4 ቀን 1881

የተወደድሽ እህቴ ዚላ፤

ይህን ወረቀት ለብዙ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ስዞረው ከረምሁ። ከመጥፎ ወሬ የሚያሻግር አምላክ በመንገድሽ ይቅደም።

ቁጥር 63 አይሠራም። ችካሉ ካለበት ወዲያ ያለው መስክ ባለቤቱ ሌላ ነው። ለሚስተር ሆልሮይድ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ አሁን ለበጎቼ ይበቃኛል፣ ለሰው አላከራይም ብሏል። ሆልሮይድ ሠራተኛውን ሁሉ ከወንዙ ማዶ አዲስ ተርታ ላይ አሠማርቷል፤ ያኛው በሁለተኛዋ ልጁ ስም ይጠራል። በዚያ ባዶ ቤት እፈልግልሽ ብዬ ዞርሁ። ጣራ የወጣለት ሁሉ ተይዟል፤ ሰው ከየምድር ቤቱ ወጥቶ እየጎረፈ ነው፤ ማነው ይህን የሚጠላ?

አለቃችን ዳክወርዝ የሥራውን ዳር ሊያይ መጣና ግድግዳዬ ፊት ቆመ።

"ጄቤዝ፣ ይህን ጥርስ ቁረጥና አለስልሰው። ተርታው እዚህ አበቃ።"

"ባለመሬቱ ሐሳቡን ቢቀይርስ አለቃ?"

"ሐሳቡን የቀየረ ባለመሬት አይተህ ታውቃለህ? ቤትህ በከተማው ፊት አግጥጦብሃል እኮ!"

"ያግጥጥ። ያገጠጠ ገና የሚነክሰው አለው።"

"እልኸኛ ነህ። እንደዚህ ስትተወው በየጡቡ ላይ ውሃ ይቋጠራል፤ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።"

"የሚዘልቀው በማን መኝታ ቤት ነው?"

"ባንተ ነዋ!"

"እንግዲያው ተወኝ።"

ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ባለችኝ ጊዜ የየጥርሱን አናት በኖራ አዘቅዝቄ ለሰንሁት፤ ውሃው እንዲንሸራተት። አሁን ደህና ነው፤ ትንሽ ብቻ ይረጥባል።

ዚላ፣ ራሴን መረመርሁ። ጥርሱን የተውሁት ለተርታው ብዬ ነው ወይስ ለሌላ ነገር? ተንበርክኬ ጠየቅሁ። መልስ አላገኘሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አግኝቻለሁ ብል ደግሞ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።

ስለ ግድግዳው ጠይቀሽኝ ነበር። እኔና እነ አብነር መካከል ያለው በደንቡ መሠረት ሙሉ ጡብ፣ ማለት ውፍረቱ የአንድ ጡብ ርዝመት ያህል ነው፤ የገነባሁትም እኔ ነኝ። ወሬ አያሳልፍም። መዝሙር ግን ያሳልፋል። አብነር ሲዘምር ቃሉ አይሰማኝም፤ ዜማውን ግን አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ ጄቤዝ


ቦምቤይ
ታኅሣሥ 3 ቀን 1881

ጄቤዝ፤

ለሰላምታ የምሆን አይደለሁምና ሰላምታውን እግዚአብሔር ራሱ ያድርስልህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሣጥኔን ካሰርሁ በኋላ ነው። አዲሱ ተቆጣጣሪ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ክፍሉ ደርሷል፤ እኔ ሰገነቱ ላይ ከሴቶቹ ጋር ነው የማድረው። መጋረጃዎቹ አልቀዋል። ከሣጥኔ በላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሳያቸው ገና ላልተወለደ ልጅ ልብስ የሰፋሁ ይመስለኛል።

ስለ ቤቱ አላዘንሁብህም። መሬቱ የሰው ነው፤ በጎቹም የሰው ናቸው። ያዘንሁበት ሌላ ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ዝናብ አለ። ስለ ኖራ አለ። ስለ አለቃ ዳክወርዝ አለ፤ ያውም ያስቃል። "ነዪ" የሚል ግን የለም። "አትምጪ" የሚልም የለም። አንተ ሰው፣ ግድግዳህ እንኳ ጥርስ አውጥቶ የሚፈልገውን ይናገራል፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?

መርከቡ ይነሣል፤ እኔም እነሣለሁ። የካቲት ሳይገባ ሊቨርፑል እደርሳለሁ። ከወደቡ አጠገብ ባለው የጸሎት ቤታችን የሴቶች ማረፊያ ጻፍልኝ፤ ስወርድ መጀመሪያ እዚያ እሄዳለሁ። "ነዪ" ካልኸኝ የራምስክላፍን ባቡር እይዛለሁ። ካላልኸኝ ወይም ዝም ካልኸኝ፣ ፕሬስተን ውስጥ ሸማኔ ይፈልጋሉ ብለውኛል፤ እዚያ ክፍል ተከራይቼ ኑሮዬን እቀጥላለሁ፤ ስለ ጡብም ሁለተኛ አልጠይቅህም።

ዚላ


ራምስክላፍ
ጥር 16 ቀን 1882

ዚላ፤

ነዪ።

አሁን ቀሪውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ይዤ እነ አያ አብነር ዘንድ ገባሁ። እማማ ናንሲ ፊቴን አይታ፣ "ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም። ዚላ ትመጣለች። ቤት የለም።"

"ያንተ ቤት ምን ሆነ?"

"እኔ አለሁበታ።"

"ታዲያ ውጣላት!" አለች። "አንተ ወንድ ነህ፣ ሲጨንቅህ ጡብ መቁጠር ብቻ! እኛ ቤት ላይኛው የኋላ ክፍል ባዶ ነው፤ ልጅ ይሞላዋል ብለን ነበር፣ እግዜር አላለም። ወዲህ ግባ። እሷ እዚያ፣ አንተ እዚህ። ቁልፉ የሷ፣ በሩ የሷ። ማን ምን ይላል?"

አብነር ትንባሆውን እየሞላ፣ "ያንተን ራት አንዴ በልቻለሁ፤ ዕዳዬን እንድከፍል ፍቀድልኝ" አለ። "ብቻ ኮፍያህን ከወንበር ሥር እንዳታስቀምጥ።"

እንዲህ ቀላል ነበር ዚላ። ግድግዳውን ሁልጊዜ በወዲያ በኩል፣ ከበጎቹ መስክ ጋር ስፈልገው ኖርሁ። ለካ የሠራሁት በወዲህ በኩል ቆሞ ኖሯል።

ነገር በስውር እንዳይሆን ብዬ ወደ ጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎችም ሄድሁ። ሽማግሌ ፒሊንግ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣

"ወንድም ጄቤዝ፣ በመካከላችሁ ያለው ግድግዳ ምን ያህል ነው?" አለኝ።

"ሙሉ ጡብ። የገነባሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ከገነባኸውማ ነፋስም አያልፍበት።"

ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን ውሸት ሆነብኝ። "ድምፅ ያልፍበታል" አልሁት።

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ መለሰ። እሱም እንደኔ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። "ድምፅስ ይለፍ" አለ። "ሰው ያለ ድምፅ እንዴት ይኖራል።"

አከራዩ ቁጥር 61ን በስምሽ አድርጎታል፤ ፋብሪካውም ሸማኔ ይፈልጋል። እኔ ዕቃዬን አውጥቻለሁ፤ ከሰዓቱ በቀር። ሰዓቱ የኤስተር ነበር፣ ከሷም በፊት የእናታችሁ፤ ባለበት ይቆይ። መኝታ ቤቱን በኖራ ቀብቻለሁ፤ በዳሩ ግድግዳ በኩል አልጋ አታስጠጊ፣ ዝናብ ሲበረታ ይረጥባል። ጥርሱን አልቆረጥሁትም።

ከጣቢያው ስትመጪ ፋብሪካውን በግራ ትተሽ ዳገቱን ውጪ። በሮቹ ሁሉ ተመሳስለው እንዳያሳስቱሽ እስከ መጨረሻው ሂጂ፤ ጡቡ አልቆ ሣር እስኪጀምር። ያገጠጠው ያንቺ ነው።

መስኮቶቹ ባዶ ናቸው። አሮጌውን መጋረጃ አውርጄዋለሁ።

ጄቤዝ


ላቪንያ ጎዳና፣ ቁጥር 61
ቅዳሜ

ለቅርብ ጎረቤቴ ለጄቤዝ፣ ቁጥር 59፤

ያደረሰኝ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ እማማ ናንሲ በጓሮው አጥር ላይ ተቀብላኝ ታደርስልሃለች፤ አላነበውም ብላ ምላለች፣ ማንበብም አትችልም፤ አብነር ግን ይችላልና ተጠንቀቅ።

ትናንት በጣቢያው አንተን ሳጣ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ እማማ ናንሲ፣ "ሰው በተሰበሰበበት ልቀበላት አልችልም፣ ፊቴን አላምነውም ብሎ ጓሮ ቆሞ ነው የዋለው" ስትለኝ ተረፍህ።

ሣጥኔን የጫነው ባለጋሪ ዳገቱን ሲወጣ፣ "የትኛው ነው እመቤቴ? እዚህ ጎዳና ሁሉም አንድ ነው" አለኝ።

"ያገጠጠው" አልሁት።

"ኧረ እሱን ማን ያጣዋል! ከታች ከተማው ድረስ ነው የሚስቀው" አለ።

ስቄበት የነበረውን ጎዳና አየሁት ጄቤዝ። ቀስ ብዬ ነው ያየሁት። በየደጃፉ ሰንሰለቱን፣ ማዕበሉን፣ የወፍ እግሩን። በየበሩ አናት ጥርቡን ድንጋይ። ከየጢስ ማውጫው አንድ አንድ ጢስ። በፒክልስ ግቢ ሳለን እኔና ኤስተር ስንጫወት ቤት እንሠራ ነበር፤ ከአመድና ከስባሪ ሸክላ። እሷ ሁልጊዜ መስኮት ሁለት ታደርግለት ነበር። ማን እንደነገራት እንጃ። አንተ የሠራኸው ያንን ቤት ነው። ብታየው ይህን ነበር የምትልህ፤ እሷ ስለሌለች እኔ አልሁት።

ገብቼ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፈትሁ። የመጀመሪያውን ኩባያ ያንተን ልማድ ጠብቄ ስሟን ጠርቼ ጠጣሁት።

መጋረጃውን ሰቀልሁ። ላልቆመ ቤት የሰፋሁት መጋረጃ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ በአንድ ሲባጎ የተለካ፣ በፊቱም በኋላውም መስኮት ልክክ አለ። ከእንግዲህ መቶ ቤት አንድ ፊት ብዬ የምስቅ አይደለሁም።

ከፊርማህ ላይ "ወንድምሽ" የሚለውን መተውህን አይቻለሁ። እኔም ትቼዋለሁ። ሕጉ እንደሆነ ያው ነው፤ ለንደን ያሉት ጌቶች በየጊዜው ያነሡታል፣ ይጥሉታል ይባላል። ይሁን። እሱም ጥርሱን ያወጣ ግድግዳ ነው፤ እኛ በዕድሜያችን ባናየው ሌሎች ይቀጥሉበታል። ለመጠበቅ ደግሞ እኔና አንተ ከማንም አናንስም፤ ጣራ አለን፣ ምድጃ አለን።

ዛሬ ማለዳ ደጃፌን አሸሁ። ጎረቤቶቹ አዲሷ ምን ትሥል ይሆን ብለው በየመስኮቱ ነበሩ። አንዱን ጡብ አውጥቼ፣ አንዱን አስገብቼ ሣልሁት። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች እማማ ናንሲ። አልነገርኋትም። አንተ ስትወጣ እየው።

እንግዲህ ደብዳቤ ይብቃን። ወረቀቱን አጥፌ እንደላክሁልህ ብረቱን አነሣና ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ግድግዳውን የገነባኸው አንተ ነህ፤ ሰምተህ እንደሆነ መልሱን ታውቀዋለህ።

ዚላ